ቅንጡ ተሽከርካሪ፣ የናፍጣ ሞተርና የመንግሥት በጀት
ጉዳዩ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር ሲታይ

(ሐተታ)

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ከሚገኙ የነዳጅ ማደያዎች ናፍጣ የሚቀዱ ተሽከርካሪዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። በቆሎና በርበሬ የጫነ አይሱዙ፣ ከገጠር ቀበሌ የተመለሰ አምቡላንስ፣ የእርሻ ትራክተር፣ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ እንዲሁም በተለምዶ "ቪ ኤይት" የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ላንድክሩዘር ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ። የሚከፍሉት የሊትር ዋጋ በመንግሥት ተመን የሚወሰን ሲሆን፣ ለአገር የሚሰጡት አገልግሎት ግን የተለያየ ነው።

የናፍጣ ሞተር በቅንጡ ተሽከርካሪ ላይ ሲገጠም የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ወጪ በሌላው ዓለም በአብዛኛው የግለሰብ ገዢዎች ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ከመንግሥት በጀት፣ ከውጭ ምንዛሪና ከተሽከርካሪ ስምሪት አሠራር ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በአገሪቱ ከሚታዩት ውድ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የተገዙት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በልማት ድርጅቶችና በእርዳታ ድርጅቶች በመሆኑ፣ ወጪያቸውን የሚሸፍነው የሕዝብ ወይም የለጋሽ ገንዘብ ነው። በመሆኑም የናፍጣ ሞተር ጥቅም በየትኛው ጉዞ ላይ እንደሚገኝ፣ በየትኛውስ ላይ ወጪው ብቻ እንደሚቀር ለይቶ ማየት ለበጀት ያዥ፣ ለስምሪት ኃላፊና ለውሳኔ ሰጪ ሁሉ ጠቃሚ ነው።

የተመራጭነቱ መነሻ

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየሩን በከፍተኛ እመቃ አግሎ፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ በመርጨት ያቃጥላል። ይህ አሠራር ከእያንዳንዱ ሊትር የሚገኘውን ጉልበት ከፍ ያደርገዋል። ናፍጣ ራሱ በሊትር ሲለካ ከቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል የያዘ መሆኑም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። ከሁሉም በላይ ሞተሩ ዝቅ ባለ ፍጥነት ሲሽከረከር ከፍተኛ የመጎተት ጉልበት መስጠቱ ለዳገት፣ ለጭቃና ለከባድ ጭነት ተመራጭ አድርጎታል።

የናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ የጭነት መኪና፣ የመርከብና የትራክተር ሞተር ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ምቹ መኪናዎች የተሻገረው። የጀርመኑ መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1936 ያቀረበው 260 ዲ የተሰኘ ሞዴል በናፍጣ ከሚሠሩ የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪናዎች አንዱ ነበር። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ተርቦ የተገጠመለትን 300 ኤስ ዲ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ "ኮመን ሬል" የተባለው የከፍተኛ ግፊት የነዳጅ መርጫ ዘዴ በአልፋ ሮሜዮና በመርሴዲስ መኪናዎች ላይ ዋለ። ከዚህ በኋላ የናፍጣ ሞተር ድምፁ ዝቅ፣ ጭሱም ቀነስ በማለቱ በቅንጡ መኪናዎች ውስጥ ቦታውን አሰፋ።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው ላንድክሩዘር 200 በአንዳንድ ገበያዎች 4 ነጥብ 5 ሊትር የሚይዝ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ የናፍጣ ሞተር ይዞ ቀረበ። በኢትዮጵያ የከፍተኛ ኃላፊነት ምልክት እስከመሆን የደረሰው "ቪ ኤይት" የሚባለው ተሽከርካሪ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተተካው ላንድክሩዘር 300 ሞተሩ ወደ 3 ነጥብ 3 ሊትርና ወደ ስድስት ሲሊንደር ዝቅ ቢልም የሚሰጠው የመጎተት ጉልበት ከቀዳሚው የሚበልጥ ነው። የሞተር መጠን ብቻውን የአቅም መለኪያ አለመሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

የምዕራብ ጎጃም መንገድና የሞተሩ ጥቅም

የናፍጣ ሞተር ተፈላጊነት ከንቱ ውዳሴ አለመሆኑን የምዕራብ ጎጃም መልክዓ ምድር ያረጋግጣል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በሰሜን ምዕራብ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግን መንገደኛው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድና ተመልሶ ወደ ደጀን መውጣት አለበት። በዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ቁልቁለትና ዳገት ላይ ከፍታው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይለዋወጣል።

በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት በፍኖተ ሰላም ከፍታ ላይ ተርቦ የሌለው ተሽከርካሪ በባሕር ወለል ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ተርቦ የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። ወደ ሰከላ፣ ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ ቋሪት ወረዳዎች የሚያወጡ መንገዶች ለሚጠይቁት ጉልበት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የጉዞ ርቀት ነው። የላንድክሩዘር 200 ዋናና ተጠባባቂ የነዳጅ ጋኖች በድምሩ 138 ሊትር ይይዛሉ። ተሽከርካሪው በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ይፈጃል ተብሎ ቢታሰብ፣ አንዴ ተሞልቶ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ይችላል። ማደያ በማይገኝባቸው የገጠር ወረዳዎች፣ የነዳጅ አቅርቦት በሚቆራረጥበት ጊዜም ይህ አቅም ሥራ እንዳይስተጓጎል ይረዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያጋጠመው የጸጥታ ችግር የመንገድ ጉዞንና የአቅርቦት ሥራን አስቸጋሪ ባደረገበት ሁኔታ ደግሞ የጋን መጠን ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው።

የዋጋው ሚዛን እንዴት ተለወጠ?

ናፍጣ በአውሮፓ የተስፋፋው በሞተሩ ብቃት ብቻ አልነበረም። ብዙ መንግሥታት በናፍጣ ላይ የሚጥሉት ታክስ ከቤንዚን ያነሰ ስለነበር ገዢው በማደያው የሚያገኘው ቅናሽ ለሞተሩ የከፈለውን ተጨማሪ ዋጋ ይመልስለት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ቮልስዋገን የጭስ ልቀት ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር በ11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪናዎቹ ላይ መጫኑ ከታወቀ በኋላ የገበያው አመለካከት ተቀየረ። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2018 የናፍጣ መኪና ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። በቅንጡ መኪናዎች ዘንድ የናፍጣ ዘመን ማብቃት የጀመረው ከዚህ ጊዜ አንስቶ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ለውጡ የመጣው በሌላ በር ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበትን ነዳጅ በሙሉ ከውጭ የምታስገባ ሲሆን፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ተጓጉዞ ነው የሚከፋፈለው። መንግሥት ለዓመታት የዋጋውን ልዩነት በመሸፈን ናፍጣን በቅናሽ ሲያቀርብ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከታለመ የነዳጅ ድጎማ በፊት አንድ ሊትር ናፍጣ 35 ብር ከ43 ሳንቲም፣ ቤንዚን ደግሞ 36 ብር ከ87 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። ማሻሻያው በሰኔ ወር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ሲጀመር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም፣ ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆኑ። ናፍጣ ከቤንዚን በለጠ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ልዩነቱ ሰፍቶ ናፍጣ 59 ብር ከ90 ሳንቲም፣ ቤንዚን 57 ብር ከ05 ሳንቲም ደረሱ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ግድም ደግሞ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም፣ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነው ነበር።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የሁለቱ ነዳጆች ዋጋ እየተቀራረበ፣ አንዳንዴም ቦታ እየተለዋወጠ በመሄዱ "ናፍጣ ርካሽ ነው" የሚለው የቆየ ምክንያት ብቻውን የሚያስኬድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የታለመው ድጎማ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር አማካይነት እንዲደርስ የተደረገ በመሆኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች ከድጎማው ውጪ ሆነዋል። ቀድሞ በዋጋ ማረጋጊያ ሥርዓቱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ወጪ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የነዳጅ በጀት ርዕስ ላይ በግልጽ ይታያል።

ስሌቱ ምን ይላል?

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 774 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚፈጅ ትልቅ ተሽከርካሪ ለዚህ ጉዞ 108 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። በ2014ቱ የቀድሞ ዋጋ ወጪው 3 ሺህ 839 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዋጋ ግን 10 ሺህ 725 ብር ይደርሳል።

ይኸው ጉዞ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር በሚፈጅ አነስተኛ ሞተር ባለው የናፍጣ ተሽከርካሪ ቢደረግ 70 ሊትር ያህል፣ በገንዘብ 6 ሺህ 895 ብር ይጠይቃል። የሁለቱ ልዩነት 3 ሺህ 830 ብር ነው። በሌላ አነጋገር በአንድ ጉዞ በሞተር መጠን ምክንያት ብቻ የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ፣ በ2014 ዓ.ም. ለትልቁ ተሽከርካሪ የደርሶ መልስ ጉዞ ሙሉ ነዳጅ ሊበቃ የተቃረበ ነበር።

ተሽከርካሪው በዓመት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል ቢባል ልዩነቱ 1 ሺህ 500 ሊትር፣ በዚሁ ዋጋ ሲሰላም 148 ሺህ 470 ብር ይሆናል። ለአንድ ሄክታር የትራክተር እርሻ 25 ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል ተብሎ ቢታሰብ፣ 1 ሺህ 500 ሊትር 60 ሄክታር ያሳርሳል። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በወምበርማ የበቆሎና የስንዴ ማሳዎች ላይ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። በመኸር አሰባሰብ ወራት ምርት ጫኙ አይሱዙ፣ መውቂያውና ትራክተሩ ናፍጣ አጥተው ሲሰለፉ፣ የቢሮ ተሽከርካሪ የሚወስደው ሊትር ከዚያው ድርሻ የሚነሳ ነው። ቤንዚን የሚጠቀም ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ከአርሶ አደሩ ትራክተር ጋር አይሻማም። የናፍጣ ቅንጡ ተሽከርካሪ ግን ይሻማል።

በማደያ የማይታየው ወጪ

የነዳጁ ሂሳብ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። በገጠር ወረዳዎች በአምቡላንስነትና በመስክ ሥራ የሚታወቀው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው ተርቦ በሌለው፣ በሜካኒካል ፖምፓ በሚንቀሳቀስ 4 ነጥብ 2 ሊትር ሞተር ነው። ይህ ሞተር ፈጣን ባይሆንም በአካባቢው መካኒክ ሊፈታና ሊገጠም የሚችል ነው። ለነዳጅ ጥራት ጉድለትም የተሻለ ትዕግሥት አለው።

የዘመናዊው ቅንጡ ተሽከርካሪ ሞተር ባሕርይ ከዚህ ይለያል። ነዳጁ ከ1 ሺህ 500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ እጅግ በቀጠኑ ቀዳዳዎች፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል። ውኃ ወይም ደለል የገባበት፣ በጀሪካን ሲገላበጥ የቆየ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ይጎዳል። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር ስምንት ኢንጀክተሮች አሉት። ብልሽቱን ለመለየት የኮምፒውተር መመርመሪያ፣ ለመጠገን ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በወረዳ ከተማ የማይገኝ ሲሆን ተሽከርካሪው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ በዚያም ለረጅም ጊዜ ይቆማል። የቆመ ተሽከርካሪ ነዳጅ ባይፈጅም በመዝገብ ላይ ንብረት፣ በሥራ ላይ ግን ጉድለት ነው።

የነዳጅ ጥራትም ሌላው ጉዳይ ነው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንገድ ላይ የሚውል ናፍጣ የሰልፈር መጠኑ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 50 እጅ ዝቅ ማድረግ ጀምረዋል። የጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ለንጹሕ ነዳጅ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ነዳጁ በማይመጥንበት ቦታ መግዛት ብልሽትን አብሮ እንደመግዛት ይቆጠራል። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሞተሩ ለረዘም ያለ ጊዜ በሙቀት ሲሠራ በመሆኑ፣ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ስብሰባ አዳራሽ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ማጣሪያው በቶሎ ይደፈናል። ይኸውም የናፍጣ ቅንጡ ተሽከርካሪ በብዛት ከሚውልበት የከተማ ሥራ ጋር የማይስማማ መሆኑን ያሳያል።

የኤሌክትሪክ አማራጭና ወሰኑ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ማስታወቁ ይታወሳል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገዋል። የሞተር መጠናቸው ከ1 ሺህ 800 ሲሲ የሚበልጥ አውቶሞቢሎች በአንጻሩ በከፍተኛው የኤክሳይስ እርከን ውስጥ የሚመደቡ ናቸው። የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መመረቁም በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ናፍጣ ይልቅ በአገር ውስጥ በሚመነጭ ኃይል የመጠቀምን ሐሳብ ያጠናክራል።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በዞኑ መሥሪያ ቤቶች መካከል ለሚደረግ የዕለት ምልልስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የሚያስፈልግበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ይህ ዓይነቱ ጉዞ ማታ በግቢ ኃይል ተሞልቶ ለሚያድር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የተመቸ ነው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ባሕር ዳር የሚደረገው ጉዞም ቢሆን፣ ኃይል መሙያ እስካለ ድረስ ከአቅሙ በላይ አይደለም።

ይሁንና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለሁሉም ጉዞ መልስ ይሆናል ማለት አይደለም። በክረምት ጭቃ ወደ ደጋ ዳሞት ቀበሌዎች ክትባት ይዞ ለሚወጣ፣ ወላድ ጭኖ ለሚወርድ፣ ወይም የኃይል መሙያ በሌለበት መስመር ዓባይን ለሚሻገር ተሽከርካሪ ናፍጣ ገና ምትክ ያላገኘ አማራጭ ነው። ናፍጣን መቆጠብ የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እንዲበቃ ነው።

ለጉዞው የሚመጥን ሞተር

ትልልቆቹን ተሽከርካሪዎች ሸጦ በአዲስ መተካት በመጀመሪያ እይታ ቁጠባ ቢመስልም፣ አዲሱ ግዥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ በመሆኑ ሁልጊዜ ትርፍ አያስገኝም። አገልግሎት መስጠት የሚችል ተሽከርካሪ ከእጅ ካለ የተሻለው መንገድ ለሚስማማው ሥራ መመደብ ነው። ቪ ኤይት ጉልበቱ የሚታየው ሰባት ሰው ጭኖ፣ በረጅምና አስቸጋሪ መንገድ ሲሄድ ነው። አንድ ኃላፊ ይዞ በአስፋልት ከተማ ውስጥ ሲመላለስ ግን የሚታየው ወጪው ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ መሥሪያ ቤቶች ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። ስምሪት በሥልጣን ደረጃ ሳይሆን በጉዞው ርቀት፣ በመንገዱ ዓይነትና በተሳፋሪው ብዛት ሊወሰን ይችላል። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጓዙ የሥራ ሂደቶች በአንድ ተሽከርካሪ ሊጓዙ ይችላሉ። የነዳጅ ክፍያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም በመደረጉ የተቀዳውን ሊትር ከተጓዘው ኪሎ ሜትር ጋር በየወሩ ማመሳከር ቀድሞ ከነበረው የቀለለ ሆኗል። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅም የተሽከርካሪውን ስምና ክብር ሳይሆን ሊወጣው የሚገባውን ዳገት፣ ሊሸከም የሚገባውን ጭነትና በአካባቢው ሊጠገን መቻሉን መለኪያ ማድረግ ይገባል።

የናፍጣ ሞተር የተፈጠረው ለከባድ ሥራ ነው። በቅንጡ ተሽከርካሪ ውስጥ ገብቶ የክብር መግለጫ ቢሆንም ተፈጥሮው አልተለወጠም፤ በሥራ ላይ ሲውል ይቆጥባል፣ ለታይታ ሲውል ያባክናል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ማደያ የሚቀዳ እያንዳንዱ ሊትር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ተጓጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የደረሰ ነው። ለአርሶ አደሩ ምርት፣ ለእናቶች ሕክምናና ለመስክ ሥራ ቅድሚያ ሰጥቶ ማዋል ደግሞ አዲስ መመሪያ እስኪወጣ የሚጠበቅበት ጉዳይ ሳይሆን፣ የዕለቱን የመውጫ ፈቃድ በሚፈርም በእያንዳንዱ ኃላፊ እጅ ያለ ውሳኔ ነው።